የመኪናችን የዓይን ሞራ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ። እዚህ ፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ኑ ቅረቡ፣ አልነክስም። በኋላ የማሳያችሁ ነገር አለ፤ ከሩቅ አይታይም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅና ልጀምር። ዛሬ መኪና እየነዳችሁ የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ከመኪናችሁ ፊት ቆማችሁ የፊት መብራቱን ያያችሁት? ... ሁለት እጅ። አንደኛው የኔ ነው።

አልፈርድባችሁም። ጎማ እናያለን፣ ዘይት እናያለን፣ በሩ ላይ ጭረት ከተገኘ ሦስት ቀን እንቅልፍ እናጣለን። መብራቱን ግን በርቷል ወይስ አልበራም ብቻ ነው የምንለው። ከበራ አለቀ።

እኔን ያነቃችኝ ልጄ ናት። ያኔ ማታ ማታ መንዳት እየከበደኝ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ካፊያ እየጣለ ወደ ቤት ስመለስ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ አላየሁትም። ያየሁት ፍሬን ከያዝኩ በኋላ ነው ብል ይቀለኛል፤ እግሬ ከዓይኔ ቀድሞ ነው የረገጠው። ሰውየው እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ አየኝ። ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓይኔ ደክሟል ብዬ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ መረመረኝና ዓይንህ ደህና ነው አለኝ። በዚያው ሰሞን ልጄ ከመኪናዋ ፊት ቆማ፣ «አባዬ፣ መኪናችን እንደ አያቴ ዓይን ሞራ ወጥቶባታል» አለችኝ። እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ገና ወሯ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው! ሁለቱም መብራቶች ቢጫ፣ ጭጋግ የለበሱ፣ አምፖሉ ከውስጥ በወንፊት ውስጥ እንዳለ ነገር። ለካ ሞራው የኔ ዓይን ላይ አልነበረም።

ዛሬ የምናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መብራቱ ለምን እንዲህ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ በገዛ እጃችን እንዴት እንመልሰዋለን። ሦስተኛው ሁሉም ሰው የሚረሳው ነው። የመጣሁት ለሱ ስለሆነ እስከዚያ እንዳትሄዱብኝ።

እንግዲህ አንደኛው። ይህ ቢጫ ነገር ቆሻሻ ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር። በሳሙና አጠብኩት፣ በስፖንጅ ፈተግኩት፣ አልለቅ አለ። አይለቅም! ቆሻሻ አይደለማ።

ድሮ የመኪና መብራት መስታወት ነበር። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ታስታውሳላችሁ፤ ያ ክቡ፣ ከባዱ፣ ድንጋይ ሲመታው የሚሰነጠቀው። መስታወት ፀሐይ አያስረጀውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መግቢያ ጀምሮ መኪና ሁሉ ሕግ የወሰነለትን አንድ ዓይነት የታሸገ መብራት ነበር የሚገጥመው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1983 ላላ አለ። ከዚያ በ1984 ሞዴል ሊንከን ኮንቲኔንታል ማርክ ሰባት አምፖሉ ብቻ የሚቀየርለት፣ ከመኪናው ቅርጽ ጋር አብሮ የተሠራ መብራት ይዞ ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓለም ሁሉ ወደ ፕላስቲክ ሄደ።

ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 አካባቢ ሁለት ኬሚስቶች፣ አንዱ ጀርመን አንዱ አሜሪካ፣ ሳይተዋወቁ የደረሱበት ነገር ነው። ጉደኛ ፕላስቲክ ነው። በመዶሻ ብትመቱት መሰበር እንቢ ይላል፣ ቀላል ነው፣ እንደፈለጋችሁ ይቀረጻል። ግን ሁለት ድክመት አለው። ቶሎ ይጫራል፤ ደግሞ ፀሐይ አይችልም። በፀሐይ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው የላይኛው ገጹ ኬሚካሉ ይለወጥና ቢጫ ይሆናል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ላዩን ስስ፣ ጠንካራ፣ ጨረር የሚከላከል ሽፋን ያለብሱታል። ከፀጉር የሚቀጥን ሽፋን ነው። እሱ ነው ቆዳው። ፀሐይ በየቀኑ ይልጠዋል፣ አሸዋና አቧራ ይፍቀዋል፣ ጠንካራ ማጠቢያ ያሳሳዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሞታል፤ ይሰነጣጠቃል፣ ይላላጣል። የምታዩት ጭጋግ ይህ የሞተ ቆዳ ነው፤ ቢጫው ደግሞ ከሥሩ የተቃጠለው ፕላስቲክ።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? የኔን መኪና ተመልከቱ። የቀኙ መብራት ከግራው በጣም ይብስ ነበር። ለምን? እንጃ እል ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት ደጅ ተቀምጬ ሳይ፣ መኪናዋ በምትቆምበት ቦታ ግራው ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው፣ ቀኙ ፀሐይ ላይ። ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ! ቤታችሁ ስትመለሱ ሁለቱን መብራት አስተያዩ። ልዩነት ካለ መኪናችሁ የት እንደምትውል እሱ ይነግራችኋል።

ምን ያህል ብርሃን ይወስዳል? የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለክቶ ነበር። ክፉኛ የደበዘዘ መብራት ለቅርብ በሚያበራው በአጭር መብራቱ ሲበራ አዲሱ ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከአምስት እጅ አንድ እጅ! ቀሪው የት ይሄዳል? ይበተናል። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ከፊት ወደሚመጣው ሰው ዓይን። እናንተ አታዩም፣ እሱንም ታሳውሩታላችሁ። ሲታደስ ደግሞ 70 በመቶ ገደማ እንደሚመለስ ያው ማኅበር አግኝቷል። ልብ በሉ፣ 100 አላለም። አዲስ መብራት አዲስ ነው። ግን 20 የነበረው 70 ሲሆን ቀላል ነገር ነው እንዴ?

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። እጃችሁን ከማቆሸሻችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። የደበዘዘውን መብራት በደንብ አርጥቡትና እዩት። ውሃው ላዩ ላይ እያለ ጥርት ካለ፣ ደስ ይበላችሁ፣ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው። ውሃው በጥቃቅኖቹ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ስለሚሞላቸው ነው የሚጠራው። ሲደርቅ ተመልሶ ይደበዝዛል። ረጥቦም እንደደበዘዘ ከቀረ ግን ችግሩ ጥልቅ ነው፤ ወይ ፕላስቲኩ ራሱ ተሰነጣጥቋል፣ ወይ ከውስጥ ነው።

ከውስጥ ስል፣ ላብ የሚያልበው አለ። ከታጠበ በኋላ ወይ በብርድ ጊዜ ስስ እንፋሎት ታይቶ መብራቱ ሲበራ ከጠፋ አትጨነቁ። መብራቱ መተንፈሻ አለው፣ ይወጣል። ውሃ ከታች ተጠራቅሞ የሚዋኝ ከሆነ ግን ማሸጊያው ሄዷል። ያንን ከውጭ ብትፈትጉት እጃችሁን ነው የምታደክሙት።

አሁን አንድ ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «በጥርስ ሳሙና አይሆንም?» ሳቃችሁ ሞክራችሁታል ማለት ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። አንድ ሙሉ ቱቦ ጨረስኩ። ማታ ባለቤቴ «የጥርስ ሳሙናው የት ሄደ?» ስትል መኪናዋ ጥርሷን ፋቀች አልኳት። ይሠራል ወይ? ትንሽ ይሠራል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ለስላሳ ፈታጊ ዱቄት አለ፤ ስስ ጭጋግ ያነሳል። የኔ ሁለት ቀን አበራ፣ ሁለት ሳምንት ለዘብ አለ፣ ከዚያ ያው ሆነ።

የትንኝ ማባረሪያ የሚረጩም አሉ። ቪዲዮው ላይ ተአምር ይመስላል፣ አንድ ጊዜ ሲጠርጉት ብርጭቆ! እባካችሁ ይህንን ተዉት። ዲት የሚባለው ኬሚካል ፕላስቲኩን ራሱን ያላላዋል። የጠራ የሚመስለው ላዩ ስለቀለጠ ነው። አሴቶንም እንደዚሁ፣ ፖሊካርቦኔትን ያሰነጣጥቀዋል። ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ዘይት ውሃው የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። ጭረቱን ይሞላል፣ እስኪታጠብ ያታልላል።

እና ምንድን ነው የሚደረገው? የሞተውን ቆዳ መላጥ ነው። ሌላ መንገድ የለም።

መጀመሪያ መብራቱንና ዙሪያውን እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ሁለት ሦስት ድርብ አድርጉት። ይህን ስናገር የመጀመሪያ ሥራዬ ትዝ ይለኛል፤ «ተጠንቅቄ እሠራለሁ፣ ፕላስተር ለምን?» ብዬ ኮፈኑ ጫፍ ላይ የአውራ ጣት የሚያክል ቀለም ላጥኩ። እስከ ዛሬ አለ። ለእንግዳ የማሳየው ጠባሳዬ ነው።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። በውሃ የሚሠራውን ዓይነት ግዙ። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ መሆኑን ታውቃላችሁ። ክፉኛ የተላላጠ ከሆነ በ800 ጀምሩ። ትንሽ ጭጋግ ብቻ ከሆነ በ1000። ቀጥሎ 1500፣ ቀጥሎ 2000፣ መጨረሻ 3000። መዝለል የለም! እያንዳንዱ ቁጥር ከሱ በፊት የነበረውን ጭረት ነው የሚያጠፋው። ከ800 ወደ 3000 ብትዘሉ 3000ው የ800ን ጭረት አይችለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ብትፈትጉ አይችለውም።

ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውሃው ላይ ጠብታ ሳሙና ጣሉበት። አሁን ቀስ ብላችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ አድርጋችሁ ሂዱ። ክብ ክብ አትዙሩ። መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ እዩት፤ ቢጫ ወተት ይመስላል። እሱ ነው የሞተው ቆዳ። እየቆየ ቢጫው ይጠፋና ነጭ ወተት ይሆናል። ጣታችሁን አሳልፉበት፤ መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዝ ይላችኋል፣ አሮጌው ሽፋን ያለቀበትና ያልተነካበት ቦታ ድንበር። ያ ድንበር እስኪጠፋ ከመጀመሪያው ቁጥር አትነሱ። ሥራው ግማሹ እዚህ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ስትቀይሩ አቅጣጫውንም ቀይሩ፤ አሁን ከላይ ወደ ታች። ለምን? የድሮው ጭረት መጥፋቱ በዚያ ስለሚታያችሁ ነው። በየመሐሉ ሁሉንም በንጹህ ውሃ እጠቡ። አንዲት የ800 ፍርፋሪ 2000ው ሥር ከገባች ታሪክ ትጽፍባችኋለች።

ይሄኔ መብራቱ ይደርቅና ታዩታላችሁ። ከበፊቱ ይብሳል! ነጭ፣ እንደ መታጠቢያ ቤት መስታወት። አትደንግጡ። እደግመዋለሁ፣ አትደንግጡ። የባለቤቴ ወንድም እዚህ ደረጃ ላይ ሆኖ ስልክ ደወለልኝ። «አበላሸኸኝ! መኪናዋን አሳወርካት! ማታ በምን ልነዳ ነው?» ውሃ ድፋበት አልኩት። ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ቆይቶ፣ «ውይ» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት የጎረቤቶቹን መኪና ሠርቶላቸዋል፤ አሁን እኔን ሊያስተምረኝ ይዳዳዋል።

ከ3000 በኋላ ፖሊሽ ነው። ለፕላስቲክ ወይም ለመኪና ቀለም የሚሆን ፖሊሽ በንጹህ ጨርቅ። በእጅ ይሆናል፣ ክንድ ይጠይቃል። ድሪል ላይ የሚገጠም ስፖንጅ ካላችሁ ይቀላል፤ ግን ፍጥነቱን ቀንሱ፣ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። ፕላስቲክ ነው፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ከሚገባው በላይ ኃይል ያለው አምፖል ገጥማችሁም ከውስጥ አታግሉት፤ ያም ያው ነው።

ፖሊሹ ካለቀ በኋላ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያምራል። ፎቶ ታነሳላችሁ። ለሰው ትልካላችሁ። ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ትገባላችሁ።

እና ሥራውን ያበላሻችሁት እዚህ ጋ ነው!

ሦስተኛው ነገር ይህ ነው። ምንድን ነው ያደረግነው? የሞተውን ቆዳ ላጥን። ጥሩ። ግን ቆዳው ቢሞትም፣ በከፊልም ቢሆን፣ ሲከላከል የኖረው እሱ ነበር። አሁን ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው። ራቁቱን ፀሐይ ላይ አቆማችሁት። ታዲያ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ቢሆን ምን ይገርማል? «ሠርቼው ነበር፣ አልቆየም፣ ነገሩ ውሸት ነው» የሚል ሰው ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ከላይ ምን ቀባህበት? አብዛኛው ምንም ይላችኋል።

ገንዘብ ከፍዬ ያሠራሁበትም ጊዜ ነበር። ሰውየው በሩብ ሰዓት አብለጭልጮ ሰጠኝ። ምን ቀባህበት አላልኩትም፤ አላውቅማ። ክረምቱ ገብቶ ሳይወጣ ቢጫው ተመለሰ።

እስቲ ይህን እዩ። ይህ ከወዳደቀ ዕቃ መሐል ያገኘሁት አሮጌ መብራት ነው። በፕላስተር ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ይህኛውን ምንም አልነካሁትም። መሐሉን ፈትጌ፣ ፖሊሽ አድርጌ ራቁቱን ተውኩት። ይህን ዳሩን ፈትጌ ሽፋን ቀባሁት። ከዚያ 8 ወር ጣሪያ ላይ አኖርኩት። አሳልፉት፣ በእጃችሁ ያዙት። መሐሉን አያችሁ? የተነካበት አይመስልም። ዳሩን አያችሁ? በሱ ውስጥ ጣታችሁን ቁጠሩ።

ሽፋኑ ምን ዓይነት ነው? ሁለት ዓይነት አለ። በጨርቅ የሚቀባ አለ፣ በስፕሬይ የሚነፋ አለ። በጨርቅ የሚቀባው ለጀማሪ ይቀላል፤ ጨረር የሚከላከል መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፎ እንደሆነ አንብቡ። ተራ ሰም ብቻውን ቶሎ ይታጠባል። የሚነፋው ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ሆኖ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ዓይነት በጣም ጠንካራ ነው፣ ለዓመታት ይቆያል። ግን ጭሱ ለሳንባ ክፉ ነው፤ በውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። የአቧራ ማስክ አያስቆመውም። ለቀለም ጭስ የተሠራ ጭምብል፣ ጓንት፣ ክፍት ቦታ። እነዚህ ከሌሏችሁ የመጀመሪያውን ውሰዱ፤ ጀግንነት አያስፈልግም።

ከመቀባታችሁ በፊት ላዩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። የፖሊሹ ቅባት ከቀረ ሽፋኑ አይዝም፣ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ከጠረጋችሁ በኋላ በጣት አትንኩት። እኔ «ለስልሷል?» እያልኩ ነክቼ አሻራዬን ለዘላለም ያተምኩበት አለ። ጥላ ቦታ ሥሩ፣ መብራቱ ይቀዝቅዝ፣ ነፋስና አቧራ አይኑር። ስስ አድርጋችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ደግሞ ስስ። ወፍራም ካደረጋችሁት እንባ ያወርዳል። ፕላስተሩን ጭራሹን ሳይደርቅ ላጡት። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ አይንካው።

አንድ ወንድም እጁን አውጥቷል። ... እሺ፣ «መብራቱን ፈትቼ ማውጣት አለብኝ ወይ» ነው ያልከው። የለብህም። እንዲያውም ባትነካው ይሻላል። ከፈታኸው ሲመለስ አቅጣጫው ይዛነፍና ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ስታበራ ታመሻለህ፤ እንደገና ማስተካከል ይኖርብሃል።

እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ? ... አዎ፣ ስንት ሰዓት ይወስዳል። ለሁለቱም መብራት ግማሽ ቀን ያዙ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ነው የፈጀሁት፣ ግማሹ ቀለም የላጥኩበትን ኮፈን ሳይ ነው። ልጅዎ ካለ ወረቀቱን እሱ ይያዘው፣ እርስዎ ውሃውን ያፍስሱ።

በቃ፣ አፌ ደረቀ። ፀሐዩ ሳይገባ ወደ ውጭ እንውጣ፣ የውሃውን ፈተና በራሳችሁ መኪና ላይ እንሞክረዋለን። የማን ነው መጀመሪያ? ... ያቺ ነጯ? ውይ፣ እሷስ ሞራ ብቻ አይደለም፣ መነጽርም ያስፈልጋታል። አይ፣ ቁልፉን አይደለም የጠየቅኩህ። ባልዲውን አቀብለኝ።